ሥራው የአክሊሉ፣ ስሙ የለማ፦ ስለ ዋቢ አጻጻፍ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ የምርምር መጽሔቶች አርታኢያን
ለዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቶች
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በዋቢ አጻጻፍ መመሪያችሁ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያውያን ስም፣ ስለ ዓመተ ምሕረትና ስለ አማርኛ ምንጮች ግልጽ ደንብ እንዲገባ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አርታኢያንና ኃላፊዎች፤

እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በኋላ በዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን ያሳተሙት ጽሑፍ ምንጭን በቁጥር በሚጠቅሰው በቫንኩቨር ስልት ሲጠቀስ «ለማ አ» ብሎ ይጀምርና «1970;42(4):597-612» ብሎ ያበቃል። ዓመቱ ልክ ነው፣ ቅጹም ልክ ነው፣ ገጹም አልተሳሳተም። ስሙ ግን የአባታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ እንዶድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ «ለማ እንዳረጋገጠው» እያለ ይቀጥላል።

ይህን የምንጽፍላችሁ ረቂቅ ጽሑፎች ወደ ኅትመት ከመሄዳቸው በፊት የዋቢ ዝርዝራቸውን የምናርም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና የጽሑፍ አራሚዎች ነን። የምንጠይቀውም በጸሐፊዎች መመሪያችሁ ላይ አንድ ገጽ እንድትጨምሩ ነው። አሁን ያለው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ «ዋቢዎች በኤፒኤ ስልት ይጻፉ» ወይም «ቫንኩቨር ይጠቀሙ» ብሎ ያልፋል። ኤፒኤ ምንጭን በደራሲና በዓመት የሚጠቅሰው ስልት ነው። ሁለቱም ስልቶች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። መመሪያው ዝም ባለ ቁጥር ጸሐፊውም፣ ሶፍትዌሩም፣ አራሚውም በየፊናቸው ይገምታሉ፤ ግምታቸው ደግሞ አይገጥምም።

አበበ ከበደ ተሰማ የሚባል ተመራማሪ አለ እንበል። የመጀመሪያ ጽሑፉን በሁለት ስም ሲልክ «ከበደ አ» ተብሎ ይመዘገባል። ሁለተኛውን የላከበት ጆርናል ሦስት ስም ስለሚያስሞላ አያቱ ፊት ይመጡና «ተሰማ አ ከ» ይሆናል። ሦስተኛውን ያወጣው የአገር ውስጥ መጽሔት ደግሞ የራሱን ስም አስቀድሞ «አበበ ከ» ይለዋል። የምርምር ጽሑፎችንና ጥቅሶቻቸውን የሚመዘግበው ስኮፐስ ይህን ሰው ሦስት ሰው ሊያደርገው ይችላል፤ የተጠቀሰበት ብዛትም ሦስት ቦታ ይከፈላል። በአንድ ዋቢ ዝርዝር ውስጥ ሦስቱም ሲገቡ አንዱ ከ«አ»፣ አንዱ ከ«ከ»፣ አንዱ ከ«ተ» ሥር ይቀመጣል። በጽሑፉ ውስጥ «ከበደ (2015)» የተባለውን ምንጭ ለመፈለግ ወደ ዝርዝሩ የሄደ ገምጋሚ ያጣውና «ዋቢው የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ዋቢው አለ፤ የተጻፈው በሌላ ስም ነው።

ተቃራኒውም ይደርሳል። አበበ ከበደ፣ አልማዝ ከበደ፣ አስቴር ከበደ፣ አየለ ከበደ በላቲን ፊደል ሁሉም አንድ ዓይነት «ከበደ አ» ናቸው። ኤፒኤ የቤተሰብ ስማቸው የተመሳሰለ ጸሐፊዎችን በምኅጻረ ስም ለዩ ይላል፤ እኛ ዘንድ ምኅጻሩም አንድ ሆኖ ይገኛል። ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ አልማዝ ከበደ የሠራችው ጥናት «ከበደ እንደገለጸው» ተብሎ ይጠቀስና ተመራማሪዋ በግሡ ወንድ ትሆናለች።

ከሁሉ የሚብሰው ጥምር ስም ነው። ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ተክለ እያሉ የሚጀምሩ ስሞች በላቲን ፊደል በክፍት ቦታ ተለያይተው ሲጻፉ ሶፍትዌሩ የመጨረሻዋን ቃል ብቻ የቤተሰብ ስም አድርጎ ያነሣል። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በብዙ ዋቢ ዝርዝር ውስጥ የተቀመጡት «እግዚአብሔር፣ ተ. ብ. ገ.» ተብለው ነው። በላቲን ፊደል ሲነበብ ማንም ልብ አይለውም፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን ጸሐፊው ማን እንደተባለ ግልጽ ነው። ከዚህ ያመለጡት ስማቸውን ራሳቸው ያሰሩ ናቸው። ዮሐንስ ኃይለሥላሴ «ኃይለ-ሥላሴ» ብለው በሰረዝ አያያዙት፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ኔቸር ላይ የወጣው ጽሑፋቸው ስሙ ሳይሰበር ይጠቀሳል። ጂኦሎጂስቱ ጊዳይ ወልደገብርኤል ያለ ክፍተት ገጥመው ይጽፉታል። ሁለቱም መንገድ ይሠራል፤ መመሪያችሁ አንዱን መርጦ «ጥምር ስም በሰረዝ ይያያዝ ወይም ይገጠም፣ በክፍት ቦታ አይለያይ» ቢል ይበቃል። ደንቡ የሚሠራው ግን ገና ወደፊት ለሚታተም ጽሑፍ ነው፤ ቀድሞ የታተመን ሰው ስም አራሚ ተነሥቶ አይገጥመውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በደራሲና በዓመት የሚጠቅስ መጽሔት፣ ማለትም ኤፒኤን ወይም የመሰለውን የሚከተል፣ የኢትዮጵያዊን ስም ሳይገለብጥና ሳያሳጥር በሙሉ ይጻፍ፤ ቅደም ተከተሉም በራስ ስም ይሁን። በጽሑፉ ውስጥ «አክሊሉ ለማ (1970)»፣ በዝርዝሩም «አክሊሉ ለማ (1970)» ተብሎ ከ«አ» ሥር። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካም ኢትዮጵያውያንን የሚያስቀምጠው በራሳቸው ስም ነው። አይስላንዶችም እንደ እኛ በአባት ስም የሚጠሩ ሕዝቦች ናቸው፤ የስልክ ማውጫቸው ሳይቀር በራስ ስም የተደረደረ ነው።

በቁጥር የሚጠቅሱ የሕክምናና የተፈጥሮ ሳይንስ መጽሔቶች ጉዳይ ግን ይለያል፤ እዚህ ላይ ሐሳባችን ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ይለይ ይሆናል። ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጽሑፎች መረጃ ቋት ውስጥ «ለማ አ» ተብሎ የተመዘገበን ጽሑፍ «አክሊሉ ለ» ብላችሁ አታርሙት። የጽሑፎችን ዲጂታል መለያ (ዲኦአይ) የሚመዘግበው ክሮስሬፍ ዲኦአይ የሌለውን ዋቢ ከትክክለኛው ጽሑፍ ጋር የሚያገናኘው የመጀመሪያውን ጸሐፊ የቤተሰብ ስም፣ የመጽሔቱን ርእስ፣ ቅጹን፣ መነሻ ገጹንና ዓመቱን አይቶ ነው። ስሙን ስትቀይሩት ማገናኛው ሊበጠስ፣ ደራሲውም የተጠቀሰበትን ቁጥር ሊያጣ ይችላል። ለሰውየው ክብር ብላችሁ የምታደርጉት እርማት ሰውየውን ይጎዳል ማለት ነው። ስለዚህ በቫንኩቨር ዝርዝሩ የመረጃ ቋቱን ይከተል፤ በጽሑፉ አካል ውስጥ ስም መጥራት ካስፈለገ ግን «አክሊሉ ለማ³» ተብሎ በሙሉ ይጠራ። በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሁለቱን ደንብ መቀላቀል ከሁለቱም የከፋ ነው።

ማን «ኢትዮጵያዊ ስም» እንዳለው አራሚ በመልክ ወይም በዜግነት አይወስን። ኤርትራውያንም ስማቸው እንደ እኛው ነው። በሌላ በኩል አሜሪካ ወይም እስራኤል ተወልዶ ያደገ ሰው የአያቱ ስም በሕግ የቤተሰብ ስሙ ሆኖ ይሆናል፤ እሱን በራሱ ስም መደርደርም ስሕተት ነው። መለኪያው ሰውየው ራሱ በጽሑፎቹና በኦርኪድ (የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር) መዝገቡ ላይ ስሙን እንዴት እንደጻፈ ነው። ኦርኪድ ነጻ ነው፣ 16 አኃዝ ነው፣ ስም ቢለዋወጥም ቁጥሩ አይለወጥም። ረቂቅ ስትቀበሉ ከሁሉም ጸሐፊዎች አስሞሉ። የጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ላይም «ይህ ጽሑፍ ሲጠቀስ፦» የሚል አንድ መስመር አትሙ። ወጪ የለውም፤ ለወደፊቱ ግምትን ያስቀራል።

በእናንተ በኩል የሚቀረው የኤክስኤምኤል፣ ማለትም ጽሑፉን ኮምፒውተር በሚያነበው ቅርጽ የማዘጋጀት፣ ሥራ ነው። ጽሑፎቻችሁን ለመጽሔት ጽሑፎች በተሠራው የኤክስኤምኤል ደንብ፣ በጃትስ፣ የምታዘጋጁ ከሆነ የስም መለያው ላይ «ኔም-ስታይል» የሚባል ባሕርይ አለ፤ ከሚቀበላቸው ዋጋዎች አንዱ «ኢስሌንስክ» ይባላል። ለአይስላንድ ስሞች የታሰበ ነው፤ ስሙ ሳይገለበጥ ይታያል፣ በራስ ስምም ይደረደራል። ለእኛ ልክ ነው። ክሮስሬፍ ላይ ስታስመዘግቡ ግን የቤተሰብ ስም ሳጥኑ ባዶ መሆን ስለማይችል የአባት ስም እዚያ፣ የራስ ስም በራሱ ሳጥን ይግባ፤ የአያት ስም ደግሞ ወይ ሁልጊዜ ይግባ ወይ ጨርሶ አይግባ።

ጸሐፊዎች በእጃቸው ያለውን ሶፍትዌር እንዴት እንደሚያስታርቁትም መመሪያው ሊነግራቸው ይገባል፤ ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል። ዞተሮ በሚባለው የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌር ላይ ከደራሲው ስም አጠገብ ሁለቱን ሳጥን ወደ አንድ የምትቀይር ትንሽ ምልክት አለች፤ እሷን ተጭኖ ሙሉ ስሙን በአንዱ ሳጥን መጻፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ አይገለበጥም፣ አያጥርም። በሌላው የዋቢ ሶፍትዌር፣ በኤንድኖት ላይ፣ ከሙሉ ስሙ መጨረሻ ነጠላ ሰረዝ ማድረግ፤ የላቲኑ ኮማ እንጂ የእኛው «፣» አይደለም። ላቴክ የሚባለውን የሰነድ ማዘጋጃ የሚጠቀም ሰው ስሙን በቢብቴክ (የዋቢ) ፋይሉ ውስጥ በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ይክበበው።

ይኸው ዘዴ ለድርጅት ስምም ያገለግላል፤ በአገራችን ረቂቆች ላይ በብዛት የሚበላሸውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ያልተጠቀሰበት የጤና ጥናት ማግኘት ይከብዳል፤ በትክክል የተጠቀሰበትን ማግኘት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። አሳታሚዎቹ ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ (ሲኤስኤ) እና አይሲኤፍ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ናቸው፤ የኅትመት ቦታው አዲስ አበባና ሮክቪል፣ ሜሪላንድ ነው። በየዝርዝሩ የምናየው ግን «ሲኤስኤ፣ አይ.» የሚል ነው። ሶፍትዌሩ የሁለቱን ድርጅቶች ምኅጻር የአንድ ሰው ስምና የአባት ስም አድርጎት ነው። «ኦርጋናይዜሽን፣ ደብሊው. ኤች.» የተባለው «ደራሲ»ም የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ከጉግል ስኮላር የተቀዳ ዋቢ ሳይታይ ሲለጠፍ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ይመጣል። የቀደመውን የ2011 ዳሰሳ የኅትመት ከተማ፣ ካልቨርተንን፣ ለ2016ቱ መስጠትም የተለመደ ነው። ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት ተብሏል፤ የቆየ ሰነድ ግን በታተመበት ጊዜ በነበረው ስም ነው የሚጠቀሰው።

ወደ ዓመተ ምሕረት እንምጣ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ በአማርኛው ቁጥር 1152/2011፣ በእንግሊዝኛው 1152/2019 ነው። አዋጁ አንድ ነው፤ በአንድ የማሟያ ጽሑፍ ውስጥ ግን እንደ ሁለት ሕግ ተለይቶ ሲጠቀስ አይተናል። 2011 ዓ.ም. ያለውን ሰነድ ምንም ምልክት ሳያደርጉ በእንግሊዝኛ ዝርዝር ውስጥ «2011» ብሎ ማስገባት ሰነዱን ስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ በዓመት በሚደረደር ዝርዝርም ቦታው ይዛባል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለታተመ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ለታተመ 8 ይደመራል። ወሩ በመጽሐፉ ላይ ከሌለ፣ ብዙ ጊዜም የለም፣ ሁለቱም ዓመት ይጻፍ፦ «1985 ዓ.ም. [1992/93]»። አንዱን መርጦ መጻፍ የማናውቀውን ማወቅ ይሆናል። ዞተሮ የቀን ሳጥኑ ውስጥ መጀመሪያ ያገኘውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር እንደ ዓመት ስለሚወስድ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው የጎርጎርዮሱ ዓመት ይሁን፤ ዓመተ ምሕረቱን በመጨረሻው እርማት በእጅ መጨመር ይሻላል።

በእንግሊዝኛ ረቂቅ ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍ ሲጠቀስ ኤፒኤ ርእሱን በላቲን ፊደል አስጽፎ ትርጉሙን በማዕዘን ቅንፍ ያስከትላል። ቫንኩቨር ብዙ ጊዜ ትርጉሙን በማዕዘን ቅንፍ አስገብቶ ቋንቋውን በመጨረሻ ይጠቅሳል። ወደ ላቲን የመመለሻው ሰንጠረዥ አንድ ይሁን፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያለበት ሰንጠረዥ አለ፣ የኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካም አለ፤ የትኛው እንደሆነ መመሪያው በስም ይጥቀሰው። ሰንጠረዡ ለርእስ ነው እንጂ ለሰው ስም አይደለም። ጸሐፊው ስሙን በላቲን ፊደል ጽፎ ካሳተመ እሱ እንደጻፈው ይቀመጣል፤ «ጸ»ን በነጥብ ልናስጌጥለት አይገባም።

ረቂቁ ራሱ በአማርኛ ከሆነ ድርደራው ያስቸግራል። ኮምፒውተሩ የሚደረድረው በዩኒኮድ ተራ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ እያለ ይሄድና ኀ ከቸ በኋላ ይመጣል። ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ ብለው ስማቸውን የጻፉ ሦስት ሰዎች፣ ወይም በሦስት መጽሐፍ ላይ በሦስት ፊደል የተጻፈ አንድ ሰው፣ ሦስት ቦታ ይበተናሉ። ሠ ከሰ፣ አ ከዐ፣ ጸ ከፀ ጋር እንዲሁ። የምንመክረው ስሙ በርእስ ገጹ ላይ እንዳለ ይጻፍ፣ ሲደረደር ግን ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠሩ። ይህን ሶፍትዌር አይሠራላችሁም፤ መጨረሻ ላይ በእጅ ነው። በዚያው «እና ሌሎች»፣ «ቅጽ»፣ «ገጽ» የሚሉት ይገባሉ፣ ነጥቡም ወደ አራት ነጥብ ይቀየራል። ከዚያ በፊት የሰነዱን ቅጂ አስቀምጦ በቅጂው ላይ የዞተሮን ማያያዣ መፍታት ግድ ነው። ዋናው ላይ ከተፈታ በኋላ የገቡት ዋቢዎች በራሳቸው አይታደሱም፤ ሳይፈታ በእጅ የተስተካከለው ደግሞ በሚቀጥለው ማደሻ ይጠፋል። ማዕረግን በተመለከተ አቶ፣ ወይዘሮ፣ ዶክተር ዋቢ ውስጥ አይገቡም፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ከ«ኅ» እንጂ ከ«ብ» አይፈለጉም።

ለድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቶች የተለየ ቃል አለን። «በሃርቫርድ ስልት» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ሃርቫርድ የሚባለው ስልት አንድ ማእከላዊ መመሪያ የለውም፤ ዩኒቨርሲቲዎች በየራሳቸው የሚያዘጋጁት የደራሲ-ዓመት ዘር ነው፤ ሁለት አማካሪዎች ሁለት ሃርቫርድ ቢያዙ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚሰቃየው ተማሪው ነው። ኤፒኤ ካላችሁ እትሙን ጻፉ። ሰባተኛው እትም እስከ 20 ጸሐፊ በሙሉ ያስዘረዝራል፣ የአሳታሚን ከተማ አይጠይቅም፣ ዲኦአይንም በሙሉ የድር አድራሻ መልክ ያስጽፋል፤ ስድስተኛውን የለመደ መርማሪ ሦስቱንም ስሕተት ብሎ ያሰምርባቸዋል። ቫንኩቨር ካላችሁ ስንት ጸሐፊ ተዘርዝሮ «ኤት አል» (እና ሌሎች) እንደሚባል ወስኑ። የሕክምና መጽሔት አርታኢያን ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ናሙና ስድስት ይላል፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ግን ሁሉንም ይዘረዝራል። የጥቅሱ ቁጥር በማዕዘን ቅንፍ ወይስ ከፍ ብሎ እንደሚቀመጥም በግልጽ ይነገር።

ከሁሉ የሚሻለው ለመጽሔታችሁ ወይም ለዩኒቨርሲቲያችሁ አንድ የሲኤስኤል ፋይል፣ ማለትም ለዋቢ ሶፍትዌር የአጻጻፍ ስልቱን የሚነግር ፋይል፣ ማዘጋጀት ነው። ከባዶ መነሣት አያስፈልግም። ከዞተሮ የስታይል ማከማቻ ቅርብ የሆነውን አውርዶ ስሙንና መታወቂያውን መቀየር፣ ከዚያ «ኤት-አል-ሚን»ን 7፣ «ኤት-አል-ዩዝ-ፈርስት»ን 6 ማድረግ ነው፤ ስድስት ጸሐፊ ድረስ ሁሉም ይታያል፣ ከሰባት ጀምሮ ስድስቱ ብቻ። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ፋይሉን ለሕዝብ ማከማቻው ብታስረክቡት ዞተሮም ሜንደሌይም ያገኙታል፤ ተማሪውም ነጥብና ሰረዝ ሲለቅም አያድርም።

እስከዚያው ድረስ አንድ ልመና፤ ረቂቅ ገና ለግምገማ ሲመጣ በዋቢ ቅርጽ ምክንያት አትመልሱት። ዋቢው የተሟላ ከሆነ፣ ማለትም ጸሐፊ፣ ዓመት፣ ርእስ፣ መጽሔት፣ ቅጽ፣ ገጽና ዲኦአይ ካለው፣ ቅርጹ ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ሊስተካከል ይችላል፤ ብዙ ዓለም አቀፍ አሳታሚዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ጥብቅ መሆን ያለባችሁ ሌላ ቦታ ነው፤ እያንዳንዱ ዲኦአይ ተከፍቶ የሚወስደው ወደ ተባለው ጽሑፍ መሆኑ ይታይ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የፈጠራቸው ዋቢዎች ቅርጻቸው እንከን የለውም፤ ዲኦአያቸው ግን ወይ አይከፈትም ወይ ሌላ ጽሑፍ ላይ ያርፋል። የተሻረ ጽሑፍ መኖር አለመኖሩም ይጣራ፤ ክሮስሬፍ እ.ኤ.አ. በ2023 የሪትራክሽን ዋችን መረጃ ቋት ከወሰደ ወዲህ መረጃው ለማንም ክፍት ነው፣ ዞተሮም ራሱ ቀይ ምልክት ያደርግበታል።

የአንዱን ገጽ ረቂቅ ያዘጋጀ መጽሔት ወይም ጽሕፈት ቤት ካለ ከማጽደቁ በፊት በአሥር እውነተኛ ዋቢዎች ይሞክረው፤ ከአሥሩ አንዱ ጥምር ስም ያለው፣ አንዱ የመንግሥት ሰነድ፣ አንዱ ወር የሌለው የአማርኛ መጽሐፍ፣ አንዱም ባለ ሦስት ስም ጸሐፊ ይሁን። በአራቱ ላይ ሁለት አራሚዎች ለየብቻ ሠርተው አንድ ዓይነት ውጤት ካላመጡ ደንቡ ገና አላለቀም።

ከሰላምታ ጋር
የዋቢ ዝርዝር አራሚዎችና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች